አዲስ ካርድ ሰክቼ ኮምፒውተሬ አመፀብኝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዴስክቶፕ ላይ የግራፊክስ፣ የዋይፋይ፣ የኔትወርክ ወይም የሳውንድ ካርድ ስትጨምሩ ለሚነሱ ጥያቄዎች መልስ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

የሃርድዌር ግጭት የሚባለው ምንድን ነው? ዛሬም አለ?

የድሮው ፒሲ አይአርኪው የሚባሉ 16 መስመሮች ብቻ ነበሩት፤ ከ0 እስከ 15። አንድ ዕቃ ፕሮሰሰሩን «ሥራ አለኝ፣ ስማኝ» ብሎ የሚጠራው በመስመሩ ነው። ከ16ቱ ብዙዎቹ በሰዓቱ፣ በኪቦርዱ፣ በዲስኩ ተይዘዋል። ሳውንድ ብላስተር ካርድ አብዛኛውን ጊዜ 5ን ይወስዳል፣ የፕሪንተሩ ፖርት 7ን። ሌላ ካርድ መጥቶ 5ን ከጠየቀ ወይ አንዱ ዝም ይላል፣ ወይ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይቀራል። መፍትሔው ካርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ጃምፐር በእጅ ነቅሎ ሌላ ቁጥር ላይ መሰካት ነበር።

ዊንዶውስ 95 ከፕላግ ኤንድ ፕሌይ ጋር ሲመጣ ቁጥር የማደሉን ሥራ ሲስተሙ ወሰደው። ፒሲአይ የሚባለው የካርድ መሰኪያ ካርዶች አንድን መስመር እንዲጋሩ ፈቀደ። የዛሬው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ደግሞ ጥሪውን እንደ መልእክት ስለሚልክ የመስመር ሽሚያው ከነጭራሹ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ስሙ ግን አልቀረም። ዛሬ ሰው «ኮንፍሊክት አደረገብኝ» ሲል በአብዛኛው የሚያወራው ኤሌክትሪክ ስላነሰው፣ ከሌላ ዕቃ ጋር የዳታ መስመር ስለሚጋራ፣ የሜሞሪ አድራሻ ስላጣ ወይም ከባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት ከሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ጋር ስላልተግባባ ካርድ ነው። አራቱም ላይ ላዩን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ፎርማት ከማድረግ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ይሻላል። ፎርማት ከአራቱ አንዱንም አይፈታም።

ካርዱ ማዘርቦርዴ ላይ እንደሚገባ በምን አውቃለሁ?

የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎቶች (የካርድ መሰኪያዎች) በርዝመት ይለያያሉ፦ ኤክስ 1፣ ኤክስ 4፣ ኤክስ 8፣ ኤክስ 16። አጭር ካርድ ረጅም ስሎት ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ረጅም ካርድ አጭር ስሎት ላይ የሚገባው የስሎቱ ጫፍ ክፍት ከሆነ ብቻ ነው። የትውልድ ልዩነት አያስጨንቃችሁ። 4.0 ካርድ 3.0 ስሎት ላይ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ብቻ ይቀንሳል።

ርዝመት ግን ያታልላል። ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሁለተኛው ረጅም ስሎት ኤክስ 16 ይመስላል እንጂ በውስጡ የተዘረጉት 4 የዳታ መስመሮች ብቻ ናቸው። ይህን የሚነግራችሁ የማዘርቦርዱ ማኑዋል ነው። ሞዴሉን ጽፋችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱት።

ዩዝድ የቢሮ ዴስክቶፕ ለገዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር፦ ቀጭኖቹ ኬዞች ሎው ፕሮፋይል (ቁመቱ አጭር የሆነ) ካርድ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት የኬዙን ቁመት ለኩ፤ ሻጩን አጭሩ ብራኬት (ካርዱ ከኬዙ ጋር የሚታሰርበት ብረት) አብሮ አለው ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ካርዱ ደህና ሆኖ ክዳኑ አልዘጋ ያለው ሰው ብዙ ነው።

ከመግጠሜ በፊት ምን ማድረግ አለብኝ?

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከዚያ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ። ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት የኬዙን ብረት ንኩ። የውስጡን ፎቶ አንሱ። ገመድ ስትመልሱ ትፈልጉታላችሁ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቢትሎከርን፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆልፈውን የዊንዶውስ መከላከያ ነው። ዊንዶውሱ በቢትሎከር ከተቆለፈ፣ ካርድ መጨመር ወይም የባዮስ አቀማመጥ መቀየር ረጅሙን የሪከቨሪ ቁልፍ እንዲጠይቃችሁ ሊያደርገው ይችላል። ቁልፉን ቀድማችሁ ያዙ፣ ወይም ቢትሎከርን ለጊዜው ሰስፔንድ አድርጉት። ያለ ቁልፉ ፋይሉን የሚያወጣላችሁ ባለሙያ የለም።

ካርዱን ሰካሁ፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ተቃጠለ?

ለዚህ ድምዳሜ ገና ነው። መጀመሪያ የሞኒተሩን ገመድ እዩ። ብዙ ማሽኖች አዲስ ግራፊክስ ካርድ ሲያዩ የውስጡን (ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣውን) ግራፊክስ ያጠፉታል። ገመዱ አሁንም ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ምንም አይታያችሁም። ወደ ካርዱ አዛውሩት። ቀጥሎ ካርዱ የራሱ የኤሌክትሪክ ሶኬት ካለው ገመድ መሰካቱን አረጋግጡ። ከዚያ ካርዱን አውጥታችሁ መያዣው «ቀጭ» እስኪል መልሱት። የብራኬቱ ብሎን ሲጠብቅ የካርዱ አንድ ጫፍ ከስሎቱ ከፍ ሊል ስለሚችል ብሎኑን ካሰራችሁ በኋላም ደግማችሁ እዩ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ካርዱን አውጡና በውስጡ ግራፊክስ አስነሱ። ያለ ካርዱ ከተነሳ ባዮሱን ጠርጥሩ። የቆዩ ግራፊክስ ካርዶች ዩኢኤፍአይን፣ ማለትም አዲሱን የባዮስ ዓይነት አያውቁትም። እነሱ እንዲሠሩ ባዮሱ ውስጥ ሲኤስኤም (የድሮውን የማስነሻ መንገድ የሚፈቅደው አማራጭ) መብራት፣ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ነገር እንዳይነሳ የሚከለክለው) መጥፋት አለበት። አዲስ ካርድ በቆየ ማዘርቦርድ ላይ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዮስ አፕዴት ይፈታዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እንደ አይ5-12400ኤፍ ያሉ ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የውስጥ ግራፊክስ የላቸውም። ካርዱን አውጥታችሁ ብትሞክሩ ስክሪኑ ጥቁር መሆኑ የግድ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ሙከራ ምንም አትማሩም።

ግራፊክስ ካርድ ከጨመርኩ በኋላ ድምፅ ጠፋ። ከሳውንድ ካርዱ ጋር ተጋጨ?

አልተጋጨም። ግራፊክስ ካርዱ በኤችዲኤምአይ በኩል የራሱን ድምፅ ይዞ ይመጣል፣ ዊንዶውስም ድምፁን ወደ ሞኒተሩ አዙሮታል። ሞኒተሩ ደግሞ ስፒከር የለውም። ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የድምፅ ምልክት ተጫኑና ስፒከራችሁን መልሳችሁ ምረጡ። በቃ።

የዋይፋይ ካርዱ ይሠራል፣ ብሉቱዙ ግን የለም። ለምን?

ዋይፋይና ብሉቱዝ አንድ ካርድ ላይ ቢሆኑም መንገዳቸው የተለያየ ነው። ዋይፋዩ በስሎቱ በኩል ያልፋል፣ ብሉቱዙ ግን በዩኤስቢ። ከካርዱ ጋር የመጣችው ቀጭን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ባለ 9 ፒን የዩኤስቢ ሶኬት ጋር መገናኘት አለባት። ሶኬቱ በኬዙ የፊት ዩኤስቢ ከተያዘ፣ ሌላ ፈልጉ።

በትንሿ ኤም.2 ስሎት የሚገቡትን ዋይፋይ ካርዶች ስትገዙ ደግሞ ቁጥሩን አንብቡ። ኢንቴል ኤኤክስ 200 እና ኤኤክስ 210 መደበኛ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ናቸው። ኤኤክስ 201 እና ኤኤክስ 211 ግን ሲኤንቪአይ የሚባለውን የኢንቴል አሠራር ይፈልጋሉ። የዋይፋዩ ግማሽ ሥራ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ነውና፣ ይህን በማይደግፍ ማሽን ላይ ምንም ድራይቨር ብትጭኑ አይነሱም። በአንድ ቁጥር ልዩነት ስንቱ ሰው ገንዘቡን አጥቷል።

ፓወር ሰፕላዬ ለአዲሱ ግራፊክስ ካርድ ይበቃዋል?

ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ኤክስ 16 ስሎት ለግራፊክስ ካርድ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ይጨምራል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በስሎቱ 75 ዋት ብቻ እንዲሠራ ተብሎ የወጣ ነው። አርቲኤክስ 3060 ግን 170 ዋት ይፈልጋል፤ ያለ ተጨማሪ ገመድ አይሆንም።

ዩዝድ የቢሮ ዴስክቶፖች ላይ ያለው ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ240 እስከ 300 ዋት ነው፣ የግራፊክስ ገመድም የለውም። «ትልቅ ገዝቼ እቀይረዋለሁ» ከማለታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ። የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች በብዛት የተለመደውን ባለ 24 ፒን ሶኬት አይጠቀሙም። ባለ 8 ወይም ባለ 6 ፒን የራሳቸው ሶኬት አላቸው። የኬዙ ቅርጽም ለሌላ ፓወር ሰፕላይ ቦታ ላይኖረው ይችላል። ለእንደዚህ ዓይነት ማሽን ገመድ የማይፈልግ ካርድ መርጦ መኖር ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሳታ (ከዲስክ ኤሌክትሪክ) ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይረውን ርካሽ አዳፕተር ተዉት። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፣ ባለ 6 ፒኑ ደግሞ 75 ሊጠይቀው ይችላል። የቀለጠ ሶኬት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ እጥረት ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዴስክቶፑ ላይ ሁሉ ሰላም፣ ጌም ወይም ሬንደር ሲጀመር ግን ማሽኑ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጠፋል ወይም ሪስታርት ያደርጋል። ሰማያዊ ስክሪን እንኳ ለማሳየት ጊዜ የለውም። ከዩፒኤስ ጋር የምትጠቀሙ ከሆነ እሱንም ጠርጥሩ። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚሸከመው በአብዛኛው ከ400 ዋት በታች ነው። ሞኒተሩም ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር) ላይ ቢጫ ምልክት ወጣ። ምን ላድርግ?

ምልክቱ ብቻውን ምንም አይናገርም። ዕቃው ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጉና ጀነራል በሚለው ገጽ ላይ ያለውን ኮድ አንብቡ። ለእርዳታ ሰው ስትጠይቁም «ቢጫ ምልክት አለው» ከማለት ኮዱን ተናገሩ፤ ግማሹ መልስ እሱ ነው።

ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ነው። ኮድ 22 ዕቃው በእጅ ተዘግቷል፤ ክፈቱት። ኮድ 52 ዊንዶውስ የድራይቨሩን ዲጂታል ፊርማ አላመነውም፤ ብዙ ጊዜ ለቆየ ካርድ የተሠራ የቆየ ድራይቨር ስትጭኑ ይመጣል። ኮድ 10 ዕቃው መነሳት አልቻለም ነው የሚለው። ሰፊ ቃል ስለሆነ ድራይቨሩን ካደሳችሁ በኋላ ስሎት ቀይራችሁ ሞክሩ።

ኮድ 43 የግራፊክስ ካርድ ገዢዎች ራስ ምታት ነው። ዊንዶውስ ዕቃው ራሱ ችግር አለብኝ ስላለ አቆምኩት ይላል። መጀመሪያ የድሮውን ድራይቨር በሴፍ ሞድ ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በሚባለው ፕሮግራም ጠራርጋችሁ አዲሱን ጫኑ። በተለይ ከኤንቪዲያ ወደ ኤኤምዲ ወይም በተቃራኒው ከቀየራችሁ ይህን አትዝለሉ። ካልተፈታና ካርዱ ዩዝድ አርኤክስ 570 ወይም 580 ከሆነ፣ ለማይኒንግ (ለክሪፕቶ ገንዘብ ማምረቻ) ተብሎ የካርዱ የራሱ ባዮስ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ድራይቨሩ የተነካካ ባዮስ ሲያይ አልሠራም ይላል። የካርዱን ኦሪጅናል ባዮስ መመለስ ያድነዋል። ይህም ካልሠራ ካርዱ ራሱ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሻጩ መመለስ ነው።

ኮድ 12 ይላል፤ «በቂ ነፃ ሪሶርስ የለም»። ራም ልጨምር?

ራም አያድነውም። ያነሰው የሜሞሪ አድራሻ ነው እንጂ ሜሞሪው አይደለም። እያንዳንዱ ካርድ ፕሮሰሰሩ የሚያናግረው በአድራሻ ነው። ባዮሱ ሲነሳ እነዚህን አድራሻዎች ከ4 ጊጋባይት በታች ባለች ጠባብ ክልል ውስጥ ያድላል። ሁለት ግራፊክስ ካርድ፣ ካፕቸር (ቪዲዮ መቅጃ) ካርድና ሌላም ሲደራረቡ ክልሏ ትሞላለች። የመጨረሻው ካርድ ባዶ እጁን ይቀራል። ከድሮው ግጭት ጋር እውነተኛ ዝምድና ያለው የዛሬ ችግር ይህ ነው።

መፍትሔው ባዮስ ውስጥ «አበቭ ፎር ጂ ዲኮዲንግ» የሚለውን ማብራት ነው። ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን ሰፊ ክልል ይከፍታል። ዊንዶውሱ ባለ 64 ቢት መሆን አለበት። ብዙ ማዘርቦርዶች አብሮ ሲኤስኤም እንዲጠፋ ይፈልጋሉ፣ ወጥመዱም እዚህ ነው። ዊንዶውሳችሁ በሌጋሲ (በድሮው የባዮስ መንገድ) ከተጫነ፣ ሲኤስኤምን ስታጠፉ አይነሳም። ቀድማችሁ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ክፈቱና ባዮስ ሞድ የሚለውን መስመር እዩ። ሌጋሲ ካለ፣ ዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ያለው ኤምቢአር2ጂፒቲ (MBR2GPT) የሚባል መሣሪያ ፋይል ሳያጠፋ ዲስኩን ይቀይርላችኋል። ያም ሆኖ ባክአፕ ሳትይዙ አትንኩት።

አማራጩ ባዮሱ ውስጥ ከሌለ፣ የማትጠቀሙባቸውን የማዘርቦርድ ዕቃዎች ዝጉ። የሲሪያል ፖርት፣ ትርፍ የሳታ ኮንትሮለር፣ ሁለተኛ የኔትወርክ ፖርት። ትንሽ ቦታ ይለቃሉ። ለብዙ ሰው ግን አይበቃም።

ለኤአይ ሥራ ዩዝድ ቴስላ ፒ40 ገዛሁ። የቢሮ ኮምፒውተሬ አልነሳም አለ። ምን ሆኖ ነው?

ካርዱ 24 ጊጋባይት ሜሞሪ በርካሽ ስለሚሰጥ ይማርካል፣ የተሠራው ግን ለሰርቨር ነው። በጣም ሰፊ የአድራሻ ክልል ይጠይቃል። አበቭ ፎር ጂ ዲኮዲንግ የሌለው ማሽን ወይ አይነሳም፣ ወይ ኮድ 12 ያሳያል። የሞኒተር ሶኬት የለውም፤ ስክሪኑ በሌላ ግራፊክስ መሥራት አለበት። ፋንም የለውም። ሰርቨር ውስጥ ባለው ኃይለኛ ነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ዴስክቶፕ ውስጥ ፋን ካላሰራችሁለት ይግላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ገመዱ ነው። ሶኬቱ ባለ 8 ፒን ነው፣ ግን የግራፊክስ ካርድ ባለ 8 ፒን አይደለም። ለፕሮሰሰር ኤሌክትሪክ የሚውለው ዓይነት ነው። በሁለቱ ላይ የ12 ቮልትና የግራውንድ ቦታ ተገላቢጦሽ ነው። በግድ አትክተቱ፤ ለዚሁ ካርድ የተሠራውን አዳፕተር ግዙ። 250 ዋት እንደሚወስድም አትርሱ።

አዲሱን ካርድ ወይም ኤም.2 ኤስኤስዲ ስሰካ ሃርድ ዲስኬ ጠፋ። ተበላሸ?

ዲስኩ ደህና ነው፣ ፖርቱ ነው የተዘጋው። ፕሮሰሰሩና ቺፕሴቱ (የማዘርቦርዱ አገናኝ ቺፕ) ያላቸው የዳታ መስመር የተወሰነ ስለሆነ የማዘርቦርድ አምራቾች አንዱን መስመር ለሁለት ዕቃ ያጋሩታል። ብዙ ቦርዶች ላይ ኤም.2 ስሎት ሲያዝ አንድ ወይም ሁለት የሳታ ፖርቶች ይጠፋሉ። ሌሎች ላይ ደግሞ የታችኛው ረጅም ስሎት ሲያዝ ትንሾቹ ኤክስ 1 ስሎቶች ይዘጋሉ። ማኑዋሉ ውስጥ በግርጌ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የሳታ ገመዱን ወደ ሌላ ፖርት ማዛወር ብቻ ይበቃል።

ዲስኩ ኖሮ ዊንዶውስ ካልተነሳ ግን ባዮሱ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ቀይሮ ይሆናል። ቡት ኦርደሩን መልሱ።

ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ካርድ ጨመርኩ፣ ኔትወርኩ ግን ሞተ። የነካሁት ነገር የለም!

የነካችሁት የፒሲአይ ቁጥሮችን ነው። አዲስ ካርድ ሲገባ ሌሎቹ ዕቃዎች የባስ ቁጥራቸው (ማሽኑ በፒሲአይ ላይ የሚሰጣቸው ቁጥር) ሊገፋ ይችላል። በዘመናዊ ሊኑክስ የኔትወርክ ካርዱ ስም ከዚህ ቁጥር ስለሚሠራ፣ በስሙ ውስጥ 3 የነበረው 4 ይሆናል። የአይፒ አድራሻ የሰጣችሁበት ፋይል ግን አሁንም የድሮውን ስም ይጠራል። ስሙን አስተካክሉ፣ ወይም ለሁልጊዜው እንዲገላግላችሁ ማዋቀሪያውን ከስም ይልቅ በማክ አድራሻ (በካርዱ የራሱ መለያ ቁጥር) እሰሩት። ሰርቨሩ ሩቅ ቦታ ካለ ይህን ካርዱ ከመሰካቱ በፊት አድርጉት። ከተሰካ በኋላ በሪሞት መግቢያ አታገኙም።

ዲቫይስ ማናጀር ላይ ሁለት ዕቃዎች አንድ አይአርኪው ይዘዋል። ግጭት አይደለም?

አይደለም። ፒሲአይ ላይ መጋራት የተፈቀደ ነው። ማይነስ ምልክት ያላቸው ቁጥሮችም ታያላችሁ፤ እነሱ በመልእክት የሚሠሩት ናቸው። ዕቃዎቹ ከሠሩ አትንኳቸው። ልዩነቱ የሚታየው በቆየ የፒሲአይ ሳውንድ ካርድ ድምፅ ስትቀዱ ነው። ድምፁ ከተቆራረጠ ካርዱን ወደ ሌላ ፒሲአይ ስሎት አዛውሩት፤ የሚጋራው ዕቃ ይቀየራል።

ሁሉንም ሞከርኩ። ካርዱ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ የሞተው?

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ካርዱን ሌላ ስሎት ላይ፣ ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። ስሎቱን ደግሞ በምታውቁት ደህና ካርድ ፈትኑት። ሌላ ማሽን ላይም ካልሠራ ካርዱ ነው። የራሳችሁ ማሽን ላይ የትኛውም ካርድ ካልሠራ ቦርዱ ወይም ባዮሱ ነው። ያኔ ገመዱን ነቅላችሁ ሲአር2032 ባትሪውን ለጥቂት ደቂቃ አውጡና ባዮሱን ወደ መጀመሪያው መልሱ። ባዮስ ውስጥ የቀየራችሁትን ሁሉ እንደሚያጠፋ እወቁ፤ ሲኤስኤምና የዲስክ ሞድ ምን ላይ እንደነበሩ ቀድማችሁ ፎቶ አንሱ።

አስቸጋሪው ካርዱ አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራ ሲሆን ነው። ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ገብታችሁ ሲስተም በሚለው ሥር ዊያ ሎገር (WHEA-Logger) የሚል ምንጭ ፈልጉ። ስለ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚናገሩ ማስጠንቀቂያዎች ከተደረደሩ ምልክቱ በመንገድ ላይ እየተበላሸ ነው። የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች በአይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ ስሎቱን ከአቧራ ንፉ። ራይዘር ኬብል (ካርዱን ከስሎቱ አርቆ የሚያገናኝ ገመድ) ካለ አውጡት። ቀጥሎ ባዮስ ውስጥ የስሎቱን ፍጥነት ከአውቶ ወደ ጄን 3 (ወደ 3.0 ትውልድ) አውርዱ። ማስጠንቀቂያው ከቆመ ካርዱን በዚያው ፍጥነት ተጠቀሙበት፤ ጌም ላይ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። አራት መስመር ብቻ ያላቸው እንደ አርኤክስ 6400 ያሉ ካርዶች ግን ይጎዳሉ፤ እነሱን በዋስትና ጊዜው ውስጥ መመለስ ይሻላል።